አርቲስትን ከአድናቂዎቹ ጋር በቀጥታ ሥርጭት ማገናኘት፦ ከዝግጅቱ እስከ ማግሥቱ

«አልበሙ ሊወጣ ነው፤ ከአድናቂዎች ጋር ላይቭ መግባት እንፈልጋለን። ምን ምን ያስፈልገናል?» የድምፃውያንን ገጽ የሚያስተዳድሩ ወጣቶች፣ የሬዲዮ መዝናኛ አዘጋጆች፣ አንዳንዴም የአርቲስቱ እኅት ወይም ወንድም ይህንኑ ይጠይቁኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው የሚመጣው ሥርጭቱ ሊጀመር ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ነው፤ በዚያ ሰዓት የምነግራቸው ነገር ብዙም አያድናቸውም። ስለዚህ ከአንድ ሳምንት በፊት ተነብቦ ሊሠራበት የሚችለውን እዚህ አስፍሬዋለሁ።

መመሪያው ለገጹ ኃላፊ ነው እንጂ ለአርቲስቱ አይደለም። ምሳሌዬ ድምፃዊ ቢሆንም ለተዋናይ፣ ለአትሌት ወይም ለአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት አቅራቢም አሠራሩ ያው ነው። የምናዘጋጀው የአንድ ሰዓት ጥያቄና መልስ ነው። አድናቂው በዚያ ምሽት የሚመጣው ስሙ ተጠርቶ ጥያቄው ሲመለስ ለማየት ነው፤ ዘፈኑንማ በፈለገው ሰዓት ያገኘዋል። ከታች ያለው ዝግጅት በሙሉ የሚያገለግለው ይህንኑ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ሁለት ስልኮች። አንዱ ያሠራጫል፣ ሌላው እንደ ተመልካች ሆኖ ሥርጭቱን ይከታተላል። ሁለተኛው ስልክ ከሌለ ድምፅ መቋረጡን የሚነግርዎ አድናቂው ብቻ ይሆናል፤ እርሱም እስኪጽፍ ብዙ ያልፋል።
• የስልክ መቆሚያ። በመጽሐፍ ላይ የተደገፈ ስልክ ሥርጭቱ መሐል ይንሸራተታል።
• ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን። ገንዘብዎ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ይህንን ይግዙ። ተመልካች ደብዛዛ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥም።
• ከፊት ለፊት የሚበራ መብራት።
• ፓወር ባንክ፤ ለዋይፋይ ራውተሩም መብራት ሲጠፋ የሚያቆየው ባትሪ።
• የሁለት ድርጅቶች ሲም ካርድ፣ ማለትም የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም። አንዱ ሲደክም ወደ ሌላው ለመዞር ነው።
• የኢንተርኔት ጥቅል። በ720ፒ የምስል ጥራት በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት ያህል ቢልኩ በአንድ ሰዓት 1.8 ጊጋባይት ይሄዳል። ለሙከራውና ለተከታታዩ ስልክ ጨምረው ቢያንስ 5 ጊጋባይት ይያዙ።
• ነጭ ወረቀትና ወፍራም እስክሪብቶ።
• ከአርቲስቱ ሌላ ሦስት ሰው፦ ጥያቄ የሚያነብ አቅራቢ፣ ከአስተያየቱ መሐል ጥያቄ የሚመርጥ፣ ስድብና ማጭበርበርን የሚያጠፋ። ሁለቱን የመጨረሻ ሥራዎች ለአንድ ሰው አይስጡ። ጥያቄ የሚፈልግ ዓይን ስድቡን ያልፈዋል፣ ስድብ የሚያሳድድ ዓይንም ጥያቄውን።

1. የገጹ ባለቤት ማን እንደሆነ ያረጋግጡ

ይህ ከሁሉ በፊት ነው። በርካታ የአርቲስት ቻናሎችን የከፈተው አንድ ቅን አድናቂ ወይም ከዓመታት በፊት የተለየ ማናጀር ነው። አርቲስቱ በስሙ የሚጠራውን ቻናል «የእኔ ነው» ይላል፤ የተመዘገበበት ስልክ ቁጥር ግን የማን እንደሆነ አያውቅም። ትልቅ ሥርጭት ሲታወጅ ጠላፊም፣ የድሮ አስተዳዳሪም ያን ገጽ ያስታውሰዋል።

በቴሌግራም ባለቤትነትን ወደ ሌላ ሰው ለማዛወር የሚያዛውረው ሰው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ካበራ 7 ቀን ያለፈው መሆን አለበት፤ በሚጠቀምበት ስልክ ላይ ከገባም 24 ሰዓት ማለፍ ይኖርበታል። ይህን ሥራ ለመጨረሻው ቀን ካቆዩት በዚያ ቀን አይሆንም ማለት ነው። ለፌስቡክ፣ ለዩቲዩብና ለቲክቶክም ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ያብሩ። የይለፍ ቃሉን ለሁሉም ከማደል ይልቅ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይስጡ። አንዱ ሥራውን ሲለቅ የእርሱን ፈቃድ ብቻ ማንሣት ይበቃል።

2. መድረኩን ይምረጡ፤ ከዚያ ገጹ ብቁ መሆኑን ይፈትሹ

አንድ ዋና መድረክ ብቻ ይምረጡ። በአራት መድረኮች በአንድ ጊዜ ማሠራጨት ቁጥሩን ያሳምረዋል፣ ጥያቄውን ግን በአራት ቦታ ይበትነዋል። አርቲስቱም የትኛውን ስልክ እንደሚያይ ግራ ይገባዋል። እኔ የምመክረው ጥያቄ መሰብሰቡንና ማስታወቁን በቴሌግራም፣ ሥርጭቱን ደግሞ ከዩቲዩብ፣ ከፌስቡክ ወይም ከቲክቶክ በአንዱ ማድረግ ነው። በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች ሳሎን ውስጥ በቴሌቪዥን አብረው ማየት ስለሚወዱ ተከታዮችዎ እነርሱ ከሆኑ ዩቲዩብ ይሻላል። አዲስና ወጣት ተመልካች ከፈለጉ ቲክቶክ።

ብቃቱን በተመለከተ፦ ዩቲዩብ በስልክ ለማሠራጨት ቢያንስ 50 ተመዝጋቢና የተረጋገጠ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ የመጀመሪያው ፈቃድ እስኪከፈትም እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ፌስቡክ 60 ቀን የሞላው ገጽና 100 ተከታይ ይፈልጋል። ኢንስታግራም ለሁሉም ክፍት የሆነ ገጽና 1,000 ተከታይ ይላል። ቲክቶክ ደግሞ 18 ዓመት የሞላው ባለቤት ይጠይቃል፤ የተከታዩ ቁጥር እንደየአካባቢው ቢለያይም የተለመደው 1,000 ነው። ኩባንያዎቹ እነዚህን ቁጥሮች ስለሚቀያይሩ የሥርጭት ቁልፉ በገጽዎ ላይ መኖሩን ዛሬውኑ ከፍተው ይዩ። ለአዲስ አልበም አዲስ ገጽ የሚከፍቱ ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ነው።

3. ቀንና ሰዓት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ አድናቂ የሚጠፋው በሰዓት ስሕተት ነው።

ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ጥሩ ምርጫ ነው። በዚያች ሰዓት ሪያድና ጅዳ እንደ እኛው ምሽት ነው፣ ዱባይ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ሮምና ፍራንክፈርት ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ በአውሮፓ የበጋ ሰዓት ሲሆን ደግሞ 2 ሰዓት። ዋሽንግተን ከቀኑ 7 ሰዓት ወይም 8 ሰዓት ነው፣ ሎስ አንጀለስ ከረፋዱ 4 ሰዓት ወይም 5 ሰዓት። ሁሉም ነቅቶ ያለባት ሰዓት ናት። እስራኤል ያሉ ሰንበት አክባሪ አድናቂዎች ከዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ማታ ስልክ አይነኩም፤ የቅዳሜ ከሰዓት ሥርጭት እነርሱን ያስቀራል፣ የምሽት 3 ሰዓቱ ግን ያገኛቸዋል።

ማስታወቂያው ላይ «3 ሰዓት» ብለው ብቻ አይለፉት። ዱባይ ወይም ሚኒሶታ ያለ ሰው ከቀኑ ሦስት ሰዓት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። «በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 3፡00» ብለው ይጻፉና ከሥሩ የአምስት ስድስት ከተሞችን ሰዓት በየአገሩ አቆጣጠር ይዘርዝሩ፤ ለዋሽንግተን ነዋሪ «ከቀኑ 7» ሳይሆን በስልኩ ላይ የሚያየውን «1፡00» ይስጡት። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ያስፍሩ። ለምሳሌ «ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ኦክቶበር 18 ቀን 2025»። ውጭ አገር የተወለዱት ልጆች «ጥቅምት 8» የሚለውን በየትኛው ወር እንደሚፈልጉት አያውቁም።

አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርች ሁለተኛው እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው፤ አውሮፓ ደግሞ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻዎቹ እሑዶች። በሁለቱ መካከል ባሉት ሳምንታት ያለፈውን ማስታወቂያ ገልብጦ መለጠፍ አንድ ሰዓት ያሳስታል። በየጊዜው አዲስ ያስሉ።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ትልቅ ጨዋታ ካለ ቀኑን ይቀይሩ፤ ከዚያ ጋር መፎካከር አያዋጣም። በረመዳን ከተራዊሕ ሰላት በኋላ ያድርጉት። በዐቢይ ጾም ዘፈን የማያዳምጡ ብዙ ምእመናን ስላሉ ለፋሲካ ማግሥት ማቆየት ይሻላል። የበዓል ዋዜማ ሁሉም ኩሽና ነው፣ ይተዉት።

4. ጥያቄውን አስቀድመው ይሰብስቡ

በሥርጭቱ ሰዓት የሚመጣው አስተያየት «ሰላም ከጅዳ»፣ «እንወድሃለን»፣ «ስሜን ጥራልኝ» ነው። ደስ ይላል፣ ግን የአንድ ሰዓት ጨዋታ አያወጣም። ከአራት ቀን በፊት በቴሌግራም ቻናሉ ላይ «ምን ልትጠይቁት ትፈልጋላችሁ?» የሚል መልእክት ያውጡ። ከቻናሉ ጋር የተያያዘ የውይይት ቡድን ከሌለ በመልእክቱ ሥር አስተያየት መጻፍ ስለማይቻል መጀመሪያ እርሱን ያያይዙ።

ሦስት ነገር እንዲጽፉ ይጠይቁ፦ መጠራት የሚፈልጉበትን ስም፣ ያሉበትን ከተማና ጥያቄውን። ስልክ ቁጥር አይጠይቁ። በድምፅ የሚልኩትን በተለይ ያበረታቱ። ቤይሩት ያለች አድናቂ በራስዋ ድምፅ «ይሄን ግጥም ስትጽፈው ማንን እያሰብክ ነበር?» ስትል የሚሰማው ከአቅራቢው ንባብ የተለየ ነገር ነው፤ አርቲስቱም ሲመልስ ድምፁ ይለወጣል።

ከተሰበሰበው 15 ጥያቄ ይምረጡ። እያንዳንዱ ሦስት አራት ደቂቃ ስለሚወስድ ለአንድ ሰዓት ከዚያ በላይ አያስፈልግም። «ጤና እንዴት ነው?» ዓይነቱን ይጣሉ። የሚፈለገው ታሪክ የሚያስወራ ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያ ክፍያውን ምን እንዳደረገበት፣ የትኛውን ዘፈን ሊጥለው ሲል እንደተረፈ፣ ከወላጆቹ መጀመሪያ የሰማው ማን እንደነበር። ከአገር ውስጥ ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉትን፣ ከውጭም የተለያዩ አገሮችን ያዳርሱ። የአንድ ከተማ ስም ሲጠራ በዚያ ያሉት ሁሉ የተጠሩ ያህል ይሰማቸዋል።

የስሞቹን አነባበብ አስቀድመው ያጣሩ። በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም በላይ ይሁን በልዩ በዚያ ሰዓት መገመት አይገባም። ጠያቂው በዕድሜ የገፉ ከሆኑ አቅራቢው «አንተ» እንዳይላቸው ከስማቸው ጎን ምልክት ያድርጉ።

5. ከአርቲስቱ ጋር የማይነኩትን ይነጋገሩ

ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ሃይማኖት፣ ከሌላ ድምፃዊ ጋር ስላለ ቅሬታ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ፍርድ ቤት ስላለ ጉዳይ ምን እንደሚል ወይም እንደማይል ይወስን። የሚዘጋውን ርዕስ በምን አረፍተ ነገር እንደሚዘጋው እንኳ ይለማመድ። «እርሱን ለራሴ ልተወው» ማለት በቂ ነው፤ ሳያዘጋጅ የሚመልስ ሰው ግን ወይ ይቆጣል፣ ወይ ከሚገባው በላይ ይናገራል፣ ያቺው ግማሽ ደቂቃም ለብቻዋ ተቆርጣ ትዞራለች።

ማስጠንቀቂያ፦ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ሥርጭት ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በማኅበራዊ ሚዲያ የሚተላለፈውንም ይመለከታል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተላለፈ ሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱ ከበድ ይላል። አርቲስቱ «እንደሰማሁት ከሆነ» ብሎ የሚጀምረውን ወሬ ሁሉ አቅራቢው ወዲያው ወደ ሌላ ጥያቄ እንዲያሻግር ይስማሙ።

ከአሳታሚው ጋር ያለውን ውልም ያንብቡ። ያልወጣ ዘፈን ማሰማት ይፈቀዳል? አሳታሚው የአርቲስቱን ሥራዎች በዩቲዩብ አስመዝግቦ ከሆነ ከበስተጀርባ የከፈቱት የገዛ ዘፈኑ ሥርጭቱን ሊያስቆመው ይችላል፤ ሥርዓቱ ዘፈኑን ያውቀዋል እንጂ ፊት ለፊት የተቀመጠው ባለቤቱ መሆኑን አያውቅም። ሲቻል በጊታር ወይም በክራር ጥቂት ስንኝ ያዚም፤ አድናቂውም ይህን ይመርጣል።

6. ያስታውቁ፤ አስመሳዮችንም አብረው ይዝጉ

ከአራት ቀን በፊት፣ ከአንድ ቀን በፊት፣ ከአንድ ሰዓት በፊት። ሦስቱ ይበቃሉ። በዩቲዩብ ሥርጭቱን አስቀድመው ቀን ቆርጠው ከመዘገቡት ሊንኩ ቀድሞ ይወጣል፣ አድናቂውም ማስታወሻ ማብራት ይችላል።

ማስታወቂያው በወጣ በሰዓታት ውስጥ በአርቲስቱ ፎቶና ስም የተከፈቱ አዳዲስ ገጾች ይታያሉ። «አርቲስቱን በግል ለማነጋገር»፣ «ለታመመ ጓደኛው መርጃ» እያሉ በቴሌብር ወይም በባንክ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በውጭ የሚኖረው አድናቂ በቀላሉ ይታለላል፤ ስሙን ጠርቶ የጻፈለት እውነተኛው ሰው ይመስለዋልና። ስለዚህ በእያንዳንዱ ማስታወቂያ ሥር «አርቲስቱም ሆነ ባልደረቦቹ በግል መልእክት ገንዘብ አይጠይቁም፤ ትክክለኛ ገጾቻችን እነዚህ ብቻ ናቸው» የሚል ይጻፉ፣ ከቻናሉ አናት ላይም ይሰኩት። የአስመሳዮቹን ገጽ በየቀኑ ፈልገው ሪፖርት ያድርጉ።

7. ቦታውን ያዘጋጁና ይሞክሩ

ሙከራው ከአንድ ቀን በፊት፣ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት ይሁን። ከቀኑ 8 ሰዓት የፈጠነ ኢንተርኔት ከምሽቱ 3 ሰዓት ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቤቱ ገብቷል። ፍጥነት ሲለኩ የሚያዩት የማውረጃውን ቁጥር ሳይሆን የመጫኛውን ነው። በ4 ሜጋ ቢት ለማሠራጨት 8 ያህል ቢያገኙ ደህና ነው። ከ4 በታች ከሆነ የምስሉን ጥራት ወደ 480ፒ ያውርዱት፤ የሚቆራረጥ ጥራት ከማሳየት ይሻላል።

በክረምት ከሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለበትን ክፍል ያስወግዱ፤ ዝናቡ ሲመታው አርቲስቱ አይሰማም። መስኮት ከጀርባው አይሁን፣ ፊቱ ይጠቁራል። የስልኩ ካሜራ ከዓይኑ ትክክል ይቁም። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ድምፁ ያስተጋባል፤ ምንጣፍና መጋረጃ ይቀንሰዋል።

የአርቲስቱን የራሱን ስልክ ለሥርጭት አይጠቀሙ። ሥርጭቱን ያየ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ በዚያው ደቂቃ ይደውላል፣ ጥሪውም ድምፁን ያቋርጣል። ማንም ቁጥሩን የማያውቀው ሲም ያስገቡ፣ የ«አትረብሹ» ቅንብሩንም ያብሩ።

ከዚያ ለሕዝብ በማይታይ ቅንብር ለአሥር ደቂቃ ያሠራጩ፤ በፌስቡክ ለራስዎ ብቻ፣ በዩቲዩብ ሊንኩ ላለው ሰው ብቻ ማድረግ ይቻላል። በሁለተኛው ስልክ ያዳምጡ። በሙከራው መሐል ዋይፋዩን አጥፍተው በሲሙ ሲቀጥል ምን ያህል እንደሚወስድ ይዩ። ሥርጭቱ ራሱ ከተቋረጠ አዲስ መጀመር እንዳለብዎ አሁኑኑ ያውቁታል።

8. የስድብ ማጣሪያውን በአማርኛ ይሙሉ

መድረኮቹ የሚከለከሉ ቃላት የሚጻፉበት ዝርዝር አላቸው። ብዙዎች ቃሉን አንዴ ጽፈው ይተዉታል። ማጣሪያው ግን ፊደሉን እንጂ ድምፁን አያውቅም፤ በሀ የተከለከለው በሐ እና በኀ ይገባል፣ በሰ የተዘጋው በሠ፣ በአ የተዘጋው በዐ፣ በጸ የተዘጋው በፀ። ሁሉንም አጻጻፍ ያስገቡ። ከዚያ በላቲን ፊደል የሚጻፍባቸውን መንገዶች ይጨምሩ፤ እንደየሰዉ ሦስት አራት ዓይነት ነው። በፊደሎቹ መካከል ነጥብ እየጣሉ የሚጽፉትን ማጣሪያ አይይዛቸውም፣ ለዚያ ነው ተቆጣጣሪው ሰው የሚያስፈልገው። ብሔርን የሚያንቋሽሹ ቃላትን በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በኦሮምኛና በትግርኛም ያስገቡ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይጠይቁ።

«ቴሌብር» የሚለውን ቃልና በ09 እና በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮችን የያዘ አስተያየት እየተያዘ እንዲታይ ማድረግ ከቻሉ ያድርጉ። በቴሌግራም ቡድኑ ውስጥ አንድ ሰው በ10 ወይም በ30 ሰከንድ አንድ መልእክት ብቻ እንዲልክ የሚያደርገውን ቅንብር ያብሩት፤ ጥያቄ መራጩ ማንበብ ይችላል።

9. ሥርጭቱ

አምስት ደቂቃ ቀደም ብለው አይጀምሩ፣ አሥር ደቂቃም አይዘግዩ። ሲጀምሩ «ትሰሙናላችሁ? ሰው እስኪሞላ እንጠብቅ» እያሉ ጊዜ አያጥፉ። የመጀመሪያውን ጥያቄ በሁለተኛው ደቂቃ ውስጥ ያቅርቡ፣ ያውም ከጠንካሮቹ አንዱን። ዘግይቶ የገባው ሰው ጨዋታ ሲያገኝ ይቆያል፣ ዝምታ ካገኘ ይወጣል።

አርቲስቱ አስተያየቱን ራሱ አያንብብ። ይህን ሁሉም ይቃወሙኛል፤ «ታዲያ ቀጥታ መሆኑ ምኑ ላይ ነው?» ይላሉ። ግን ዓይኑ የሚሮጠውን ጽሑፍ ሲያሳድድ ካሜራውን አያይም፣ መጀመሪያ የሚያርፈውም ሰደበኝ ያለው ላይ ነው። ጥያቄ መራጩ የመረጠውን በነጩ ወረቀት ላይ በትልቁ ጽፎ ከካሜራው ጎን ያሳይ፦ ስም፣ ከተማ፣ ጥያቄ። ከተሰበሰቡት ሁለት ከቀረበ በኋላ ከቀጥታው አንድ፤ በዚህ ዓይነት ይፈራረቅ።

መልሱ ወደ ጠያቂው ይሁን። «ብዙዎች የሚጠይቁኝ ነገር ነው» ከሚል «ሰላማዊት፣ አዳማ ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ያልሽው እውነት ነው» ቢል አንድ ሰው ተመለሰለት፣ የቀሩትም ተስፋ አደረጉ።

በየ15 ደቂቃው አቅራቢው ማን እንደሆነ፣ ምን እየተደረገ እንዳለ በአንድ አረፍተ ነገር ይድገም። በቲክቶክ ስጦታ መቀበል ካልፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አጥፉት። ከተቀበላችሁ ደግሞ ምስጋናውን ሰብስባችሁ በየ20 ደቂቃው አንዴ አቅርቡ፤ ያለበለዚያ ሰዓቱ በሙሉ ስጦታ የሰጠውን ሰው ሲያመሰግኑ ያልቃል፣ ጥያቄ ይዞ የመጣው ገንዘብ የሌለው አድናቂም ቦታውን ያውቃል።

ቢቋረጥ አይደናገጡ። ወዲያው በቴሌግራም «ተቋርጦብናል፣ በአምስት ደቂቃ እንመለሳለን» ብለው ይጻፉ፤ አዲስ ሊንክ ካለ እዚያው ይለጥፉ። ሲመለሱ ያልተጨረሰውን መልስ ከጠያቂው ስም ጋር ይቀጥሉ። ከሁለት ጊዜ በላይ ከተቋረጠ ይቁም፤ የቀሩት ጥያቄዎች በድምፅ መልእክት እንደሚመለሱ ይነገር።

ማስጠንቀቂያዎች ለዚህ ሰዓት፦

• አርቲስቱ ለማንም «ቁጥርህን ጻፍልኝ» እንዳይል። የተጻፈውን ቁጥር አጭበርባሪው ከእርስዎ ቀድሞ ይወስደዋል፤ ከዚያም «ከአርቲስቱ ቢሮ ነው የምንደውለው» ይላል።
• ከአረብ አገር በችግር ላይ ያለች እኅት በአስተያየት እርዳታ ልትጠይቅ ትችላለች። ስሟን፣ ከተማዋንና አሠሪዋን በሥርጭት ላይ አያንብቡ፣ አስተያየቱንም ከሕዝብ ዓይን ይሰውሩት። አሠሪዋ ቢሰማ ሊበረታባት ይችላል። አንድ ሰው በግል ይጻፍላትና በዚያ አገር ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ አድራሻ ይስጣት።
• ልጅ በምስል ሊቀርብ ከሆነ ወላጁ አብሮት ይኑር። ትምህርት ቤቱና ሰፈሩ አይጠራ።
• ስለ ሕመም ሲጠየቅ መድኃኒት አይዘዝ፣ ለማንም ሰው ስም ገንዘብ በድንገት አይሰብሰብ። የሂሳቡ ባለቤት ሳይጣራ የተነገረ የባንክ ቁጥር ኋላ የአርቲስቱ ዕዳ ነው።

10. ማግሥቱ

ፋይሉን ያውርዱ። ፌስቡክ የቀጥታ ሥርጭቶችን የሚያቆየው ለ30 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ያጠፋቸዋል። «ገጹ ላይ አለ» ብሎ መተው አያስተማምንም። በአንድ ተጨማሪ ቦታም ያስቀምጡት።

ከዚያ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል የሚሆኑ አምስት ስድስት ቁርጥራጮች ይሥሩ። በእያንዳንዱ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ብቻ፤ ጥያቄው ከነጠያቂው ስም ይግባ። ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ ንግግሩን በአማርኛ ጽሑፍ ከሥር ያስገቡ። አውቶማቲክ ጽሑፉ አማርኛን ብዙ ስለሚያበላሽ በእጅ ይታረም። ቁርጥራጮቹን በአንድ ቀን አይጨርሷቸው፤ በሁለት ሳምንት ይበትኗቸው።

ያልተመለሱ ጥያቄዎችን ከስምንት እስከ አሥር መርጠው አርቲስቱ እያንዳንዳቸውን በግማሽ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይመልስ፤ በቴሌግራም ይለቀቅ። መኪና ውስጥም ሆኖ ይሠራዋል። ብዙ አድናቂ ከሥርጭቱ ይልቅ ይህችን ለዓመታት ያስቀምጣታል።

ብዙ የሚደጋገሙ ስሕተቶች

ተመልካች ብዛትን የስኬት መለኪያ ማድረግ። ይልቁንስ ስንት የተለያየ ሰው ጥያቄ እንደጻፈና አማካይ ተመልካች ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይመዝግቡ። ሁለተኛው ቁጥር ከዝቅታ ከተነሣ መክፈቻው ተሻሽሏል ማለት ነው፤ መሐል ላይ በድንገት የሚወርድበትን ደቂቃ ከፍተው ምን ይባል እንደነበር ይስሙ። አብዛኛውን ጊዜ የማስታወቂያ ንባብ ወይም ረጅም የምስጋና ዝርዝር ያገኛሉ።

ሥርጭቱን ለአልበሙ ማሻሻጫ ብቻ ማዋል። የት እንደሚገኝ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ይነገር፣ በመሐል ይተው።

አስተያየትን ሁሉ ማጥፋት። ስድብና ማጭበርበር ይጠፋል፤ «ይሄ አልበም ካለፈው ያንሳል» የሚል ግን ይቆይ፣ እንዲያውም ይነበብ። አርቲስቱ ለእንዲህ ያለው ሳይከፋ ሲመልስ የሚቆየው ተመልካች ይበዛል።

ለሚዲያ ተቋማት ብቻ፦ የአቅራቢውን የግል ገጽና የዝግጅቱን ገጽ አለመለየት። አቅራቢው ጣቢያውን ሲለቅ ተከታዩን ይዞ ይሄዳል፤ ወይም ጣቢያው የግል ገጹን የእኔ ነው ይላል፣ ጠቡም በአደባባይ ይሆናል። የትኛው የማን እንደሆነ ሥርጭቱ ሳይጀመር በጽሑፍ ይለይ፤ የዝግጅቱ ገጽ የሚመዘገብበት ስልክ ቁጥርና ኢሜይልም የተቋሙ ይሁን።